ወደ ጎን የሚሄድ ኤሌክትሪክ

ወንድሜን የገረፉት በመኪና ቺንጋ ነው። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን ባወራሁ ቁጥር ሰው ሁሉ ስለ ድንጋዩ ብቻ ስለሚጠይቀኝ ነው። "እውነት ግን ምን ይሠራል? ቢሸጥ ያወጣል?" ይሉኛል። ኤጭ! ጀርባው ላይ ዛሬም ስላለው ጠባሳ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

እሺ፣ ከድንጋዩ ልጀምርላችሁ። አዲስ አበባ ፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የማጠናው ኤሌክትሪክ በጣም ስስ በሆኑ፣ ንብርብር በሆኑ ነገሮች ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ነው። አማካሪዬ ውጭ አገር ካለ ባልደረባቸው አንድ ክሪስታል አስመጡልኝ። የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፤ ያብረቀርቃል፤ ከቢስመት፣ ከቴሉሪየምና ከጥቂት ማንጋኒዝ የተሠራ ነው። ሁለተኛ የለውም። እኛ ዘንድ መለኪያው ስላልነበረ ክሪስታሉን ይዤ ባሕር ማዶ እንድሄድ ተፈቀደልኝ፣ ቪዛው ተመታ፣ ቲኬቱም ተቆረጠ። ከፋሲካ በኋላ ልበር ነው። ክሪስታሉ ከሌለ ግን የምሄድበት ምክንያት የለም፤ የጠሩት እሱን እንጂ እኔን አይደለም።

ለበዓሉ እናቴን ልሰናበት ሸዋሮቢት ወረድኩ። እናቴ መናኸሪያው ፊት ለፊት ትንሽ ሆቴል አላት። የሸዋሮቢትን ሙቀት የማያውቅ ሰው በሚያዝያ ይምጣና ይቅመሰው፤ ቀን ቀን ዝንቡ ራሱ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ሙቀቱና ላቡ እንዳያበላሽብኝ ብዬ ክሪስታሉ የታሸገበትን ብልቃጥ ቢራ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከጠርሙሶቹ ኋላ ሸጎጥኩት።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ያንሰኛል። ሸዋሮቢት፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ የሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ መዋል ሰልችቶታል፤ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የራሱን ባጃጅ። ለስላሳ ሊያወጣ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ብልቃጡን አየው።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"አትንካው!"

"ወርቅ ነው እንዴ?"

"ከወርቅ ይበልጥብኛል።"

አይ የኔ ነገር! እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ከቤታችን ሰው ስለ ትምህርቴ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነበር። እናቴማ ለጎረቤት "መብራት ነው የምትማረው" ብላ ነው የምትገላገለው። ስለዚህ ከማድ ቤት አንድ ሽንኩርት አምጥቼ ለሁለት ሰንጥቄ አሳየሁት።

"ይሄ ክሪስታል እንዲህ ንብርብር ነው፤ በፕላስተር እየላጥክ ማሳሳት ትችላለህ። በሌላ ነገር ውስጥ ኤሌክትሪክ በዚህ ከላክህ በዚያ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ። ወደ ጎን እንዲያዘነብል ከፈለግህ ማግኔት ማስጠጋት አለብህ። የዚህ ማግኔት ግን ሆዱ ውስጥ ነው፤ ማንም ሳያስገድደው ወደ ጎን ያዘነብላል። ጥቂት ንብርብር ብቻ እስኪቀር አሳስተህ፣ በጣም በጣም ስታቀዘቅዘው ደግሞ መሀሉ ይዘጋና ኤሌክትሪኩ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ሳይሞቅ፣ ሳይባክን።"

"ሳይባክን?"

"ሳይባክን።"

"አያልቅም በይኛ!"

"እንደሱ ማለቴ አይደለም..."

"እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል" አለና ለስላሳውን ጨልጦ ወጣ። የገባው ሌላ ነገር ነበር።

ያኔ አገሩ በሙሉ በአንድ ወሬ አብዷል። አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ሜርኩሪ አለ፣ ሚሊዮን ያወጣል፤ መብረቅ የመታው ድንጋይ የእጅ ባትሪ ያጠፋል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ የያዘ ሰው ፈረንጅ ከነአውሮፕላኑ መጥቶ ይለምነዋል። በሬውን ሸጦ የተሰባበረ ሬዲዮ የታቀፈ ገበሬ በዓይኔ አይቻለሁ። መናኸሪያው ውስጥ ከዚህ ሌላ ወሬ የለም። የኔ ወንድም ደግሞ ውሎው መናኸሪያ ነው።

እናቴ አንድ ለአምስት ስብሰባ ተጠርታ፣ እኔ ገበያ ወርጄ ሳለን ብልቃጡን ይዞ ሄደ። ፒክአፕ የሚነዳ ከሌላ አገር የመጣ ደላላ አለ። ለሱ "እህቴ ያመጣችው፣ መብራቱ የማያልቅ ድንጋይ ነው" ብሎ በባጃጅ ለወጠው። አዎ፣ በባጃጅ! በማግስቱ ባጃጁን ከነደስታው ድልድዩ ሥር ገልብጦ ድምጥማጡን አጠፋው። እሱ ቆዳው ተላልጦ ተረፈ። ደላላው ድንጋዩን ፈትሾ ምንም ሲያጣበት ባጃጁን ሊያስመልስ መጣ፤ የሚመለስ ባጃጅ ግን የለም።

እኔ ይሄን ሁሉ የሰማሁት ከደላላው ጠባቂ አፍ ነው። ሆቴሉ በር ላይ ቆመና ሳያፍር ነገረኝ።

"ወንድምሽ እኛ ጋ ነው። ድንጋዩ ኃይል እንዳለው መጥተሽ አሳዪን፣ መለኪያሽንም ያዢ። ፖሊስ ጋ ከሄድሽ ጣቶቹን እየለቀምሽ ትወስጃለሽ።"

ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። ብልቃጡ የለም። ደሜ ፈላ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የታየኝ የወንድሜ ነፍስ አይደለም፣ ክሪስታሌ ነው። "እነሱ ሳይገድሉት እኔ እገድለዋለሁ!" እያልኩ የቮልቴጅ መለኪያ ቴስተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ጠባቂውን ተከተልኩት።

ወንዙን ተሻግረን አንድ የሽንኩርት መጋዘን ደረስን። ባለቤቱ የአካባቢው ሰው፣ ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ደላላው ሽንኩርት ላከማች ብሎ ነው የተከራያቸው። በሩ ላይ ቆመው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። "ወላሂ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን አላወቅኩም" አሉኝ።

ውስጥ ስገባ ንዴቴ ጥሎኝ ጠፋ። ወንድሜን በሲባጎ ምሰሶው ላይ አስረውታል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፣ ከጆሮው ደም ይወርዳል። ሸሚዙ ከጀርባው ቁስል ጋር ተጣብቋል። ደላላው ቺንጋውን እጁ ላይ ጠምጥሞ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

"እትዬ፣ ለምን መጣሽ?" አለኝ ወንድሜ፤ አፉ አልታዘዝ ብሎት።

አንጀቴን በላው። ደላላው ላይ ዘልዬ ፊቱ ላይ ተፋሁበት። ተነሥቶ በጥፊ ሲያልሰኝ ጆንያው ላይ ወደቅኩ፤ ጉትቻዬ ጆሮዬን ቀዶት ወጣ። ወንድሜ ሲጮህ ጠባቂው በጫማው ሆዱን መታው። ሽማግሌው ከበር ላይ "ኧረ በአላህ! ኧረ ተዉ!" አሉ። የሰማቸው የለም።

ደላላው ክሪስታሌን መሬት ላይ ወረወረልኝ። ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ምን እንዳደረገው ራሱ ነገረኝ፤ መጀመሪያ በመዶሻ ፈልጦታል፣ ከዚያ ፍላጩን በመኪና ባትሪ ሁለት ምላስ መሀል አጣብቆ እሳት ሲተፋ አይቷል። መጋዘኑ እስከዚያች ሰዓት ቅጥል ያለ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ያ የቴሉሪየም ሽታ ነው።

"ወንድምሽ የማያልቅ ኃይል አለው ብሎኛል። ወይ ኃይሉን አሳዪኝ፣ ወይ ባጃጄን ከአጥንቱ አወጣለሁ" አለኝና ቢላ መዘዘ። ጠባቂው የወንድሜን አውራ ጣት ምሰሶው ላይ ዘርግቶ ያዘ።

ምን ላሳየው? እኔ የማጠናው ነገር የሚታየው በረዶ ትኩስ በሚባልበት ቅዝቃዜ፣ ሂሊየም ፈሳሽ ሆኖ በሚቀመጥበት ዕቃ ውስጥ ነው። እኛ ያለነው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ፣ ሸዋሮቢት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር! ያን ጊዜ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የዚህን ክሪስታል አንዱን ጫፍ አሙቀሽ ሌላውን ከተውሽው በሁለቱ መሀል ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ተአምር አይደለም፣ የታወቀ ጠባዩ ነው። ትንሽ ናት፤ አምፖል ቀርቶ የክብሪት እንጨት አታሞቅም። ቴስተሬ ግን ያነባታል።

ወዲያው ደግሞ የሚከተለው ታየኝ። ኃይል የለውም ካልኩ ወንድሜን አታላይ ነህ ብለው ይከታትፉታል። ካሳየሁት ወንድሜ ይለቀቃል፣ የቀረኝን ግማሽ ግን ደላላው ይወስደዋል። ያቺ ግማሽ ደግሞ ለመለኪያው ትበቃ ነበር፤ የሚፈለገው ስስ ልጣጭ ነውና። ቪዛዬም፣ ቲኬቴም፣ የለፋሁባቸው ዓመታትም እዚያ አቧራ ላይ ወድቀው እያየኋቸው ነው። ቢላው ጣቱን ነካ አደረገው። ወንድሜ እንደ ሕፃን "እማዬ" አለ።

"ልቀቀው! አሳይሃለሁ!" አልኩ።

ከቦርሳዬ ፕላስተር አውጥቼ የቆሸሸውን ፊት ላጥኩት። ከሥሩ አዲስ፣ ንጹሕ፣ ፊት የሚያሳይ ንብርብር ብልጭ አለ። ደላላው አንገቱን አስግጎ መጣ። የቴስተሩን ሁለት መርፌዎች በሁለቱ ጫፍ አስደግፌ፣ "ላይተርህን ለኩስና ወደዚህኛው ጫፍ አስጠጋ" አልኩት። "ባትሪ የለ፣ ገመድ የለ። ከፈለግህ ከሥሩ ፈትሽ!" እውነትም ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ፈተሸ።

ዜሮ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንድ አለ። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ስድስት። ሚሊቮልት መሆኑን አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀም። ላይተሩን ሲያርቅ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ፣ ሲያስጠጋ ወጣ። ጠባቂው የወንድሜን እጅ ለቆ አማተበ። ሽማግሌው "ሱብሃነላህ!" አሉ።

"እውነት ነው በዪኝ" አለኝ ደላላው። ድምፁ ተቀይሯል።

"ያየኸው እውነት ነው" አልኩት። ቃል አልዋሸሁም።

ከሲጋራ ፓኮው ብርማዋን ወረቀት ቀደደና ክሪስታሌን ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተው። "ባጃጁን ምሬዋለሁ" ብሎ እንደ ቸር ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የዚያን ሰው እጅ አለመንከሴ ዛሬም ይቆጨኛል። ሽማግሌው ሲባጎውን በማጭዳቸው በጠሱልኝና ወንድሜን ደግፌ ወጣን።

ወደ አስፋልቱ አቀናን። እሱ እያነከሰ፣ ደም እየተፋ ይራመዳል፤ እኔ ለአማካሪዬ ምን ብዬ እንደምደውል አስባለሁ። መንገዱ ዳር ሲደርስ ቆመና ባልተዘጋው ዓይኑ አየኝ። ከዚያ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ሳቀ።

"እትዬ፣ ለካ እውነት ኃይል አለው! ሁለት ባጃጅ ማለት ነበረብኝ።"

በዚህ ጊዜ የሆንኩትን አላውቅም። መጀመሪያ በጥፊ፣ ከዚያ በቦርሳዬ፣ ከዚያ በቡጢ። ያበጠው ዓይኑ ላይ ሁሉ መታሁት። አስፋልቱ ላይ ወደቀ፤ ወድቆም አልተውኩትም። እጁን አላነሣም፣ ፊቱን እንኳን አልሸፈነም። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው እየጮኹ መጡና ያዙኝ።

"በስመ አብ! ምን አድርጎሽ ነው? ጨርሰሽዋል እኮ!" አለችኝ አንዷ፣ ጀርባውን እያየች። ያ ሁሉ ቁስል የኔ ሥራ መስሏታል።

"ልቀቋት" አለ ወንድሜ ከወደቀበት፣ አሁን ሳይስቅ። "ልቀቋትና ትምታኝ። ውጭ አገር የምትሄድበትን ድንጋይ ሰጥታ ነው ያወጣችኝ።"

ለካ ገብቶታል። ከመጋዘኑ ጀምሮ ገብቶታል፤ የሳቀው ሌላ የሚለው ስላጣ ነው። ሴቶቹ ለቀቁኝ። አንድ ደገምኩት። ከዚያ ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ጆሮውን አሰርኩለትና፣ "ተነስ፣ ጤና ጣቢያው ይዘጋብናል" አልኩት።