ቅዳሜ ቅዳሜ የሚፈርስ ግድግዳ

ብርቄ ግንበኝነትን የተማረችው ወዳ አልነበረም። ጦርነቱ አልፎ፣ የሸሸው ሰው ከሐረርና ከድሬዳዋ ወደ ጅጅጋ ሲመለስ፣ ቀበሌው ሥራ የሌለውን ሁሉ እየመዘገበ ወደ መንግሥት ማሠልጠኛ ይልክ ነበር። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ በየወሩም ዱቄትና ዘይት ይሰፈራል። የምስክር ወረቀት ያገኘ ደግሞ ከተማይቱን መልሶ በሚሠራው መሥሪያ ቤት ይቀጠራል። ሴቶች ወደ ልብስ ስፌት፣ ወንዶች ወደ ግንባታ ተባለ። ብርቄ ስትደርስ ግን የስፌት መኪናዎቹን ሁሉ ሰው ይዟቸዋል። የቀበሌው ጸሐፊ እስክሪብቶውን እያኘከ አያትና፣ «ግንበኝነት ቦታ አለ። እምቢ ካልሽ ዱቄቱም የለም» አላት። በሰው ቤት ተጠግታ የምትጦራት እናቷ ወይዘሮ ለተማርያም አለች፤ ስለዚህ ዱቄቱ አሸነፈ።

ዛሬ ያን ዘመን ስታነሣ ፊቷ ይፈታል። «ደጉ ጊዜ» ስትል የሰማ ይገረማል። ምኑ ነው ደጉ? ስኳር በወረፋ፣ ሳሙና በወረፋ፣ ስብሰባው ደግሞ ያለ ወረፋ። እሷ ግን የምትናፍቀው ሌላ ነው፤ ያንን የማሠልጠኛ ቅጥር፣ ጠዋት ጠዋት ከካራማራ በኩል እየመጣ አሸዋውን ዓይን ውስጥ የሚሞጅረውን ነፋስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኢስተሂልን ትናፍቃለች።

ኢስተሂል ከሀርሺን በኩል የመጣች፣ ከብቶቿን ጦርነቱ የፈጀባት ሶማሌ ናት። ከግንባታ ተማሪዎቹ መካከል ሴቶቹ እነሱ ሁለቱ ብቻ ስለነበሩ አንድ ግድግዳ በጋራ ተሰጣቸው። በመጀመሪያው ቀን ወንዶቹ፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እያሉ ማሾፍ ጀመሩ። ብርቄ አንገቷን ደፋች። ኢስተሂል አካፋዋን ተደገፈችና፣

«እኛ ዘንድ ቤት የምትሠራው ሴት ናት። ወንድ ግመሉን ይጠብቃል። ማታ ሲመጣ ቤት ከተሠራለት ይገባል፤ ካልተሠራለት ውጭ ያድራል» አለች።

እውነቷን ነው። በአርብቶ አደሩ ዘንድ እንጨቱን አጉብጣ የምታቆመውም፣ ሰሌኑን የምታለብሰውም ሴቷ ናት። ከዚያ ቀን ወዲያ ያ ተረት በቅጥሩ ውስጥ አልተተረተም።

አሠልጣኙ አቶ ኃይለመስቀል ቁጣውን ከአዲስ አበባ ጭኖ የመጣ ይመስል ነበር። ግድግዳ አጠገብ ቱንቢውን ሲያወርድ ትንፋሽ የሚያሰማ ተማሪ ወዮለት። «ዘሟል፤ አፍርሺው» ከአፉ አይጠፋም። ባይዘምም ደግሞ መፍረሱ አይቀርም። ሲሚንቶ እንደ ዓይን ብሌን በሚታይበት ጊዜ ለልምምድ የሚባክን ስለሌለ፣ ተማሪው ብሎኬቱን የሚያያይዘው በጭቃ ነበር። ሰኞ የተጀመረው ግድግዳ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይፈርስና፣ ብሎኬቱ ጭቃው ተፍቆለት ለሚቀጥለው ሳምንት ይደረደራል።

ይህ ነገር ብርቄን ከውስጥ በላት። አባቷ ሃምሳ አለቃ አምሀ ጡረታ ወጥቶ በገዛ እጁ የሠራት ቤት በመድፍ ፈርሳለች፤ እሱም ሐረር በስደት እንዳለ፣ ያቺኑ ቤት እያነሣ ሞተ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የአባቷ ቤት እንደ አዲስ የሚፈርስ ይመስላታል። ኢስተሂል በአንጻሩ ቅዳሜን እንደ በዓል ነበር የምትጠብቀው። ዘላን ሴቶች ቤት ነቅለው ግመል ላይ ሲጭኑ የሚያዜሙትን እያዜመች፣ ብሎኬቱን ከላይ ወደ ታች ታቀብላለች።

አንድ ቀን ብርቄ ብስጭት ብሏት፣ «እንዴት ያስደስትሻል? ቤት እኮ ነው የምናፈርሰው» አለቻት።

«አባዮ» አለች ኢስተሂል፤ እኅቴ ማለቷ ነው። «ቤት የሚፈርሰው ሰዉ ሊሄድ ሲል ነው። ሳይፈርስ የቀረ ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰዉ ያለቀበት ቤት ነው።»

ብርቄ ይህን ሰማች እንጂ አልተቀበለችም።

የውኃ ማጠራቀሚያ ወለል የተማሩበት ሳምንት ነበር። እሱ በጭቃ ስለማይሆን ጥቂት ሲሚንቶ ተፈቅዶ ነበር፤ የተረፈው ግምጃ ቤቱ በር ሥር ቀርቷል። ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ረጅም ነው፤ ወንዶቹ ለጁምዓ ሶላት ሄደው፣ የቀሩትም ምሳ ወጥተው ቅጥሩ ጭር ሲል፣ ብርቄ ሲሚንቶውን በባልዲ ዘግና ከአሸዋ ጋር ለወሰችው። የሳምንቱን ግድግዳ በጥድፊያ አወረደችና ከመሠረቱ ጀምራ በሲሚንቶ መልሳ ደረደረችው፤ ዳርና ዳሩንም ጭቃ ቀባችው። ኢስተሂል ከሶላቷ ስትመለስ ደረሰችባት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አንዱ እንኳ ይቁም።»

«ለማን?»

ብርቄ ወደ ባልዲው ጎንበስ አለች። ኢስተሂል ራሷን ነቀነቀችና ብሎኬት ታቀብላት ጀመር።

በማግሥቱ ከተማው በሙሉ ለሰላማዊ ሰልፍ ስለተጠራ የማፍረሱ ነገር ለሳምንት ተላለፈ። ብርቄ በዚያ ሳምንት የነበራትን ደስታ እስከ ዛሬ አትረሳውም። ባለፈች ባገደመች ቁጥር መዳፏን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች። ነፋሱን ሲመክተው ታያለች። ሲሚንቶ ግን ሳምንት ካገኘ ድንጋይ እንደሚሆን፣ ግንበኛ ሆና ሳለ፣ ማሰብ አልፈለገችም።

ቅዳሜ ደረሰ። የሌሎቹ ግድግዳ ወረደ። የእነሱን ወንዶቹ ቢገፉት፣ በመዶሻ እጀታ ቢነቀንቁት፣ ንቅንቅ አልል አለ። ኃይለመስቀል መጣ፣ በጥፍሩ ጭቃውን ፋቅ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ አየ። ሌሎቹን አሰናብቶ ሁለቱን አስቀረ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ብርቄ፣ ሳትጠየቅ። «እሷ የለችበትም።»

«ለምን?»

«አንዱ እንኳ እንዲቆም ብዬ።»

ሰውዬው ፊቱን ወደ ካራማራ አዞረ። «ሰኞ ተቆጣጣሪው ከሐረር ይመጣል። የሕዝብ ንብረት ማባከን ምን እንደሚያስከትል አንቺም እኔም እናውቃለን። የምስክር ወረቀቱ ቀርቶ አንቺው ራስሽ ትቀሪያለሽ» አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኞ ጠዋት ግድግዳው እዚህ ከቆመ አላውቅሽም። ከሌለ ግን ምንም አላየሁም።» መሮና ከባድ መዶሻ እግሯ ሥር አስቀምጦላት ሄደ።

እሑድን ሲፈለፍሉ ዋሉ። የመጀመሪያውን መዶሻ ያሳረፈችው ብርቄ ናት፤ እያለቀሰች ነው ያሳረፈችው። ግድግዳው በደንብ የተሠራ ስለነበር በቀላሉ እጅ አልሰጠም፤ ይህም ሌላ ሐዘን ሆነባት። ኢስተሂል ዜማዋን ጀመረች። ቃሉ ለብርቄ አይገባትም፤ መዶሻዋ ግን ሳታስበው ከዜማው ጋር መውደቅ ያዘ። ከሰዓት በኋላ ላይ እንባዋ ደርቆ ነበር። ሲመሻሽ መሬት የነከሰው የታችኛው አንድ ረድፍ ብቻ ቀረ። መሮው ደንዞ፣ የሁለቱም እጅ ተልጦ ስለነበር እሱን የሚነቅል ኃይል አልተገኘም።

ሰኞ ተቆጣጣሪው በካኪ ልብሱ መጣ። ግምጃ ቤቱን አየ፣ ተማሪዎቹን አየ፣ ወደዚያች ረድፍም ማምራት ጀመረ። ይሄኔ በሥራ ሰዓት ተቀምጦ የማያውቀው ኃይለመስቀል ቀድሞት ሄደና፣ ኮቱን አውልቆ ረድፉ ላይ አንጥፎ ቁጭ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው ጓድ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«መቀመጫ ነው ጓድ። ተማሪው ምሳውን መሬት ላይ እየበላ ተቸገረ።»

ተቆጣጣሪው ኮቱንም ባለ ኮቱንም አየት አየት አደረገ። የሐረር መንገድ ወገቡን ሳይቆርጠው አልቀረም፤ «ጥሩ አስባችኋል» ብሎ ከጎኑ ተቀመጠ።

ብርቄ በጊዜው የምስክር ወረቀቷን አገኘች። ከዚያ ወዲህ ክሊኒክ ገንብታለች፣ ትምህርት ቤት ገንብታለች፣ በእጇ ያለፈው ግድግዳ ብዙ ነው። ኢስተሂልም ጥቂት ከብት አፍርታ ወደ ሀርሺን ተመለሰች። የብርቄ ልብ ግን ዘወትር የሚመለሰው ወደዚያ ሰኞ ቀትር ነው። ተቆጣጣሪው ተሸኝቶ ሁሉም ምሳውን ሲፈታ፣ እሷ አፍራ ከሩቅ ቆማ ነበር። ኢስተሂል ረድፉ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ግራና ቀኟ ባዶ ነው፤ ከኋላዋ ነፋሱ፣ ከላይዋ ፀሐይዋ። በተላጠው እጇ አጠገቧ ያለውን ብሎኬት ጠረገችና ቀና ብላ፣

«አባዮ፣ ምን ደጅ ያቆምሻል? ግቢ እንጂ» አለቻት።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ብርቄን «ግቢ» ያላት ሰው አልነበረም። ምሳዋን ይዛ ገባች።