ባለቤቱ ሲመረቅን የመኪናዋ ጉድ ወጣ

«ወላሂ ማዘር፣ ሁርሶ መንገድ ላይ አራት ጎማዋን ወደ ሰማይ አድርጌያታለሁ!»

ዛሬ ይህን በኩራት የነገረኝ፣ ያችኑ መኪና ሊሸጥልን የነበረው ሰውዬ ነው 😂

ልጄ ሄኖክ ስንት ዓመት ፋብሪካ ሠርቶ ባጠራቀመው ብር ሊገዛ፣ ቱርቦ የተገጠመላትና ወደ መሬት ዝቅ የተደረገች ቀይ መኪና አይቶ ልቡ ጠፍቷል። «እማዬ፣ ይቺ መካኒክ እንኳን አያስፈልጋትም» ይለኛል።

ጠዋት ሄደን አየናት። ተጋጭታ ታውቃለች? «በጭራሽ!» ሞተሯ ተከፍቷል? «ማን ነክቷት!»

እኔ ደግሞ የድሬ ልጅ ነኝ። ሄኖክን «ከምሳ በኋላ እንመለሳለን» አልኩት። ሰው ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ሲመረቅን ሌላ ሰው ነው።

ስንመለስ ሰውዬው ከጓደኛው ጋር ጫቱን ይዞ ተመርቅኗል፤ ስለ ችግሯ አንድም ነገር አልጠየቅኩም። «አቦ፣ ግን ይቺ መኪና ትሮጣለች?» ብቻ አልኩ።

ኧረ ተዉኝ! ከጓደኞቹ ጋር የተሽቀዳደመውን፣ ሁለቴ ያቃጠለውን ቱርቦ፣ ስትገለበጥ ጣሪያዋ እንዴት እንደገባ ሁሉ በእጁ እያሳየ ዘረገፈው። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው በክርኑ ቢጎስመው፣ ቢጎስመው፣ ማን ሰምቶት።

ሄኖክዬ ቀብድ ሊልክበት ያወጣውን ስልክ ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተው።

ሰውዬው እስከ በር ተከትሎን «ማዘር፣ አሁን እኮ ሁሉም ተሠርቷል!» ይላል። እሱንም አምኜዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ መዋሸት አይችልበትም።

ልጄ ይኸው እስካሁን እንዳኮረፈኝ ነው። ያኩርፍ! ከአጠገቤ ሆኖ ያኩርፍ እንጂ።

እናንተስ፣ ሻጩ በገዛ አፉ ከመግዛት ያዳናችሁ ዕቃ የለም? ኑ እስቲ፣ አውሩኝና አብረን እንሳቅ።