ከጫሞ ደንገል የተነሳችው ወፍ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሥራ ስትመለስ ስልኳን ይዛ እስከ ጓሮ ድረስ ተከትላኝ መጣች። እዚሁ አርባ ምንጭ እንግዶችን እያስጎበኘች ነው የምትተዳደረው። "እማዬ፣ ይቺን ወፍ ታውቂያታለሽ? ዛሬ እንግዶቼ በእሷ ምክንያት ምሳ እንኳ ረስተው ዋሉ" አለችኝ። ስልኩን ከዓይኔ አራቅ አድርጌ አየሁት። ትንሽ ወፍ ናት። ጀርባዋ አመድማ፣ እግሯ ቢጫ፣ ከጉሮሮዋ እስከ ሆዷ ጥቁር መስመር የወረደባት። ደንገሉ መሃል አንገቷን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጋ ቆማለች። "አላውቃትም" አልኳትና የሽፈራው ቅጠሌን መልቀም ቀጠልኩ።

አውቃታለሁ። የልጄን አባት ከማወቄ በፊት ነው ያወቅኳት።

ያኔ ከተማችን ውስጥ ሴቻ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ገና ሃያዎቹን መጀመሬ ነው። እጮኛዬ ዘለቀ ይባላል፤ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነው። አባቱ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲሸምን፣ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቀና ብሎ ዛፍና ሰማይ ሲያይ ነው ያደገው። ወደ ቆላ ወርዶ የአስጎብኚነት ሥልጠና ወሰደ፤ ወፎችን በድምፃቸው ይለያል። ወፍ ከሚወድ ሰው ጋር መዋደድ ትዕግሥት ይጠይቃል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በኩልፎ ወንዝ ዳር፣ በሙዝ እርሻዎቹ መሃል እንሄድ ነበር። ሙዝ የጫኑ የአህያ ጋሪዎች ያልፉናል፤ እርጥብ አፈርና የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ስለ ሠርጋችን እያወራሁ ድንገት ጣቱን ያነሳል። ዝም እላለሁ። ከቅጠሉ ውስጥ አንዲት ወፍ ታፏጫለች። "ቀጥይ" ይለኛል በኋላ፤ እኔ ግን የት እንደነበርኩ ረስቼዋለሁ።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ዶክተር ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ሆቴል አረፉ። ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ፣ ዘበኛውን እንኳ ስሙን ጠይቀው ሰላም የሚሉ፣ ሁላችንንም "ልጄ" የሚሉ ሰው ነበሩ። አገሩን ዞረው ያላዩት ወፍ የለም ማለት ይቻላል። ከአንድ የድሮ ጓደኛቸው ጋር ማን ብዙ አየ ተባብለው ይፎካከራሉ፤ ጓደኛቸው አይቷት እሳቸው ያላዩዋት ይቺው ከዝናብ በኋላ ብቅ የምትለው የደንገል ወፍ ናት። በየኩሬው ከምትገኘው ተራ ወፍ የሚለያት የጉሮሮዋ ጥቁር መስመር ነው። ዘለቀ ጫሞ ሐይቅ ዳር ድምፅዋን ሰምቶ ነበር። ዶክተሩ ይህን ሲሰሙ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። አስጎብኚ ድርጅት ያለው ሰው እንደሚያውቁ፣ ወፏን ካሳያቸው ቋሚ ሥራ እንደሚያስገቡት ነገሩት። ያ ሥራ ለእኛ ሠርግ ማለት ነበር።

የእረፍት ቀኔ ስለነበር ዘለቀ አብሬያቸው እንድሄድ ለመነኝ። "አንዴ እንኳ ሥራዬን እዪልኝ" አለ። በማለዳ ወረድን። ሌሊት የጣለው ዝናብ አቧራውን አስተኝቶታል፤ መንገድ ዳር የረገፈ ማንጎ ንብ ወሮታል። ጀልባውን የሚነዱት ጋሽ ዳና ነበሩ፤ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ የማያወርዱ፣ ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ። በበልጉ ዝናብ ሐይቁ ሞልቶ ዳር ዳሩን ያለውን ሣር ውጦታል። አሸዋው ላይ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኛ ዳቦ በሙዝ እየበላን አለፍናቸው። ዶክተሩ ሙዙን ልጠው ነበር የሰጡኝ።

ደንገሉ ጋ ስንደርስ ጋሽ ዳና ሞተሩን አጠፉ። ብዙ ቆየን። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ከውስጥ የወፏ ድምፅ ተሰማ፤ ዝቅ ያለ፣ እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ።

"እሷ ናት" አለ ዘለቀ በሹክሹክታ።

ግን አልወጣችም። ጀልባው ወደ ውስጥ አይገባም፤ ደንገሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው።

"ሰው ወርዶ ከኋላ ቢመጣባት ትነሳለች" አሉ ዶክተሩ።

"እዚህ ሰው አይወርድም" አሉ ጋሽ ዳና። "ውሃው ሞልቷል፤ ከሥር ያለው አይታይም።"

"አውቃለሁ፣ ጋሽ ዳና። አዞ እንዳለ አጥቼው አይደለም" አሉ ዶክተሩ ፈገግ ብለው። ከዚያ ወደ ዘለቀ ዞሩ። "ነገ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ለዚያ ቦታ አንድ የጂንካ ልጅም ታስቧል፤ ደፋር ነው ይሉታል። አንተ ግን ከፈራህ ተወው። እጮኛህ ፊት ላስቸግርህ አልፈልግም።" ይህን ብለው ወደ እኔ አዩና ሳቁ። ክፉ ሳቅ አይመስልም ነበር፤ አጎት ከወንድሙ ልጅ ጋር የሚሳሳቀው ዓይነት ነው።

ዘለቀ ጫማውን አወለቀ።

"ዘለቀ፣ ተው" አልኩት።

"ወገቤ ጋ እንኳ አይደርስም" አለና ወረደ። አላየኝም።

ደንገሉን በሁለት እጁ እየከፈተ፣ በየመሃሉ እያጨበጨበ ዞረ። ከዚያ ክንፍ ሲመታ ሰማሁ። ዶክተሩ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን አንስተው ሰማዩን ተከተሉ። እኔ ወፏን አላየሁም፤ ዓይኔ ዘለቀ ላይ ነበር። መሬቱ የከዳው ይመስል እስከ ደረቱ ሰመጠ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የታየው ሕመም ሳይሆን መደነቅ ነው። ወዲያው ውሃው ተገለበጠ።

ጋሽ ዳና ጀልባውን በመቅዘፊያው ገፍተው ደንገሉ ውስጥ ሰነቀሩት። እኔ በሆዴ ተኝቼ የዘለቀን እጆች ያዝኩ። እሳቸው ውሃውን በመቅዘፊያው ይወጉታል፤ እኔ እጎትታለሁ፤ ከወዲያም ይጎተታል። ከትከሻው የሆነ ነገር ሲንቋቋ በእጄ ተሰማኝ። ከዚያ ድንገት ቀለለኝ። አዞው ለምን እንደለቀቀው እስከ ዛሬ አላውቅም። ስናወጣው ከግራ ጉልበቱ በታች ያለው እግር አይመስልም ነበር።

ዶክተሩ ጀርባቸውን ሰጥተውን ከጀልባው ጫፍ ቆመው ነበር። "ጀርባዋን አየሁት፤ ጉሮሮዋን ፀሐይዋ ከለከለችኝ" ይላሉ። ከዚያ ዞሩ። መነጽራቸውን ማኅደሩ ውስጥ ከተው፣ ክዳኑን ዘግተው፣ ቀበቷቸውን ፈቱ። ተንበርክከው የዘለቀ ጭን ላይ ጠመጠሙት። በአንድ ጊዜ ደሙ ቀነሰ።

"አትተኛ፣ ልጄ። እየኝ" አሉት። "ጉሮሮዋ ላይ መስመር ነበር? ቅርብ የነበርከው አንተ ነህ።"

እንዳይተኛ ሊያናግሩት መስሎኝ ነበር። የቀበቶውን ጫፍ ይዘው፣ ሳይቋጥሩት፣ ጎንበስ ብለው ደገሙለት፦ "መስመሩን አየኸው?"

"ነበር" አለ ዘለቀ። "ጥቁር መስመር ነበር፣ ዶክተር።"

ቋጠሩት።

ሆስፒታል እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ትኩሳቱ ሲበርድለት የመጀመሪያ ወሬው ይህ ነበር፦ "ወፏን አላየኋትም። ስትነሳ እግሬ ሥር ነበር የማየው። ቀበቶው በእሱ እጅ ነው፤ ምን ልበለው?"

ዶክተሩ መመለሻቸውን አዘግይተው ሊጠይቁት መጡ። ብርቱካንና ትልቅ የወፎች መጽሐፍ ይዘው ነበር። አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ለጓደኛቸው ደውለው እንደነገሩት፣ ጓደኛቸው እንዴት እንደቀና እየሳቁ አወሩ። ዘለቀ አስጨረሳቸው።

"ዶክተር፣ ያን ቀን ተሳስቼ ነው" አላቸው። "መስመር የላትም። ተራዋ ናት፤ በየኩሬው የምትገኘዋ።"

ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ቀስ በቀስ ሲጠፋ አየሁ። "እርግጠኛ ነህ?"

"ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ዘለቀ ፈገግ አለ። ከአደጋው በኋላ የመጀመሪያ ፈገግታው ነው፤ እኔ የማውቀው ፈገግታ ግን አልነበረም። ዶክተሩ በዚያው ለስላሳ ድምፃቸው፣ "ያን ሥራ አስቤልህ ነበር። ግን እግር ይፈልጋል፣ ልጄ" አሉት። ተነሱ። መጽሐፉን ከአልጋው ላይ አንስተው በብብታቸው ይዘውት ወጡ። ብርቱካኑን ተዉት።

በር ሲዘጋ የዘለቀን እጅ ያዝኩ። ነጠቀኝ።

"አንቺ ባትኖሪ አልወርድም ነበር" አለኝ። "ሽማግሌው ሲከለክሉ በልቤ እሺ ብዬ ነበር።"

"ተው አላልኩህም?"

"ብለሻል። 'ተው' ስትይኝ ነው መቅረት ያቃተኝ።" ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደጋግሜ ሄድኩ፤ ከግድግዳው አልተመለሰም።

ወደ ጨንቻ ወሰዱት። ክረምቱ እንደገባ ተከትዬው ወጣሁ። ጉሙ ቤቱንና የቀርከሃ አጥሩን አንድ አድርጎታል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባቱ ደጅ ላይ ተቀበሉኝ። ከውስጥ የሸማ ዕቃው ሲንኳኳ፣ ሲቆም፣ ደግሞ ሲንኳኳ ይሰማል።

"እየሞከረ ነው" አሉኝ። "ሽመናውም ሁለት እግር ይፈልጋል። አንዱን ሲረግጥ አንዱን የሚያነሳለት የለም።" ለመግባት ስራመድ በእጃቸው ከለከሉኝ። "ልጄ፣ ክፉ ሆኜ አይደለም። ስሜሽን ከጠራንበት ምግብ አይቀምስም። አትምጪብን።" ትኩስ ድንች በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ ሙቀቱ መዳፌን ይፈጀኝ ነበር፤ አልጣልኩትም፣ አልበላሁትምም።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ኖርን። እኔ ሌላ ሰው አገባሁ፤ ደግ ሰው ነው። ዘለቀ የፖም ችግኝ እያፈላ ቤተሰብ መሠረተ። አንድ ጊዜ ጨንቻ ገበያ ተገናኝተን ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን፤ ዓይን ለዓይን ግን አልተያየንም። ዶክተሩ አርጅተው መሞታቸውን ሰምቻለሁ። ለድሃ በነፃ የሚያክሙ ሰው ነበሩ ይሏቸዋል። ውሸት አይመስለኝም።

ማምሻውን ልጄን ጠራኋትና፣ "ነገም ወደ ደንገሉ ትሄዳላችሁ?" አልኳት።

"ሌሎቹም ማየት ይፈልጋሉ።"

"ማን ምን ቢልሽ ከጀልባው እንዳትወርጂ። ማንንም እንዳታስወርጂ።"

"ለወፍ ብሎ ማን ይወርዳል፣ እማዬ" ብላ ሳቀች።

ዘለቀ ዛሬ ልጆቹን የሚያሳድገው ያ ሰው ቀበቶ ማሰር ስላወቀ ነው። ጋሽ ዳናና እኔ ብቻችንን ብንሆን ኖሮ የብስ ሳንደርስ ያልቅብን ነበር። ይህን ለራሴ ስነግረው ብዙ ዓመት ሆነኝ። ስጸልይ የብዙ ሰው ስም አነሳለሁ፤ ያስቀየሙኝን ሳይቀር። የዶክተሩ ስም ላይ ስደርስ ግን አፌ እሺ አይለኝም። ያ እጅ ሕይወት አትርፏል፤ ያው እጅ ደግሞ መልስ እስኪያገኝ ቋጠሮውን አቆይቷል። ለአንዱ አመስግኜ ሌላውን መተው የሚቻልበትን ጸሎት እስካሁን አላገኘሁትም።