የጁምዓ ውሃ

ሚስባህ ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ በር ጠባቂ ነው። ፈረቃ ጨርሰው የሚወጡት ልጃገረዶች «አባ ሚስባህ፣ ይፈትሹኝ እንጂ፣ ክር ደብቄያለሁ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ፈገግ ብሎ ያሳልፋቸዋል። ከቢስቲማ ወዲያ ባለች አንዲት ቀበሌ የውሃ አባት እንደነበረ ግን ለማንም አይናገርም። እኔ የማውቀው ድሮ እዚያ ሳስተምር ጎረቤቴ ስለነበረ ነው።

የውሃ አባት የመስኖውን ተራ የሚያወጣ ሰው ነው። ገበሬው የሚመርጠው ለዘመድ የማያዳላና ቶሎ የማይቆጣ ሰው ፈልጎ ነው። ሚስባህን ሲመርጡት ገና ጎልማሳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ያሰበ አልነበረም።

ወንዟ ቆሪሳ ትባላለች። ከደጋው ወርዳ የእነ ሚስባህን ማሳ ታጠጣና የክልል ወሰን ተሻግራ ቆላ ትገባለች። ወሰኑ ሳይሰመር በፊት የነበረ አንድ ልማድ ነበር። ሐሙስ ማታ ላይኞቹ ቦያቸውን ሁሉ ይዘጉና ወንዙን ለታችኞቹ ይለቃሉ። ቅዳሜ እስኪነጋ አካፋ የሚያነሳ የለም። የጁምዓ ውሃ ይሉታል። ታችኞቹም በፋንታቸው ሣር ሲጠፋ የላይኞቹን ከብት ያስገባሉ። ልጅ ይሰጣሉ፣ ልጅ ይቀበላሉ። ሚስባህ ልጁን ከሪማን ከታችኞቹ አንዱ ለሆነው ለሀፊዝ ልጅ የዳራት በዚሁ መንገድ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ወንዝ ስለሚጋሩ መንግሥታት ብዙ አነበብኩ። የላይኛው «ከእኔ ይፈልቃል» ይላል፤ የታችኛው «ከአያቶቼ ጀምሮ ጠጥቼዋለሁ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። እውነት ሁለት ሲሆን ዳኛ አንዱን መግደል አለበት ወይ? ይህን ጥያቄ ይዤ አርጅቻለሁ።

ዝናቡ ሲያጥር ላይኞቹ በሲሚንቶ የውሃ መጥለፊያ ሠሩ፤ የታችኛው ክልል ከሰሰ። ጉዳዩን የሚሰማው ጉባኤ ደሴ ላይ ስለተቀመጠ ሚስባህ በየቀጠሮው ይመጣና ያኔ ተዛውሬ በምኖርበት ቧንቧ ውሃ ሰፈር እኔ ቤት ያድራል። የላይኞቹ ጠበቃ አግማስ የሚባል ወጣት ነበር። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ሚስባህን እንዲህ አለው፦

«የጁምዓ ውሃ የምትሉትን አቁሙ።»

«ለምን ሲባል?»

«ዛሬ በደግነት የለቀቃችሁትን ነገ መብታችን ነው ብለው ያስቆጥሩታል። ክርክሩ እስኪያልቅ ብቻ ነው።»

«ልጄ እኮ እዚያ ናት።»

«ልጅዎን ማን ነካ? የምንከራከረው በውሃ ነው።»

ጠበቃው ሕጉን አላጣመመም፤ ስጋቱ በመጽሐፍም አለ። ቀበሌውም ተሰብስቦ የጁምዓ ውሃ ይቅር አለ። ሚስባህ የተሳሳተው «እስኪያልቅ» የሚለውን ቃል በአገሩ ልክ ሰምቶ ነው። በእነሱ ዘንድ ጠብ ሁለት ሦስት ጁምዓ ዱዓ ተደርጎበት፣ ሽማግሌ ተቀምጦበት ያልቃል። የመንግሥት ክርክር ከአንድ ሰው ዕድሜ ሊረዝም እንደሚችል አላወቀም። እናም የጁምዓውን ውሃ ከለከለ።

መጀመሪያ ሰሞን ሀፊዝ በጉባኤው ደጃፍ ይቀልድ ነበር።

«ሚስባህ፣ ከሪማን ስትሰጠን ውሃውም አብሮ የሚመጣ መስሎን ነበር።»

«አብሽር ሀፊዝ፤ ሊያልቅ ነው።»

«አዎ፣ ማሽላው ሊያልቅ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በተከታዩ ዓመት ግን ሀፊዝ ሰላምታም ሳይሰጥ አለፈ። በዚያው በጋ የሁለቱ ወገን ወጣቶች መጥለፊያው ላይ ድንጋይ ተወራወሩና የሀፊዝ ታናሽ ልጅ ሂሻም ሞተ። ማን እንደመታው ያየ ስለሌለ ደሙ የእነ ሚስባህ ቀበሌ ሁሉ ዕዳ ሆነ።

ደም ሲኖር ያለው ሥርዓት ይታወቃል። ሽማግሌ ተቀምጦ እስኪያስታርቅ ድረስ የአንዱ ወገን ሰው በሌላው ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ሽማግሌዎቹ ሊቀመጡ ተነስተው ነበር። ከሁለቱም ወገን ያሉ ባለሥልጣናት ግን «ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፤ አትግቡበት» አሏቸው። ሕጉ ይዞታል፤ አይጨርሰውም።

በዚህ መሀል የሚስባህ ሚስት ከድጃ አረፈች። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ስለነበር ያየሁትን ነው የምጽፈው። ከሪማ ከቆላ በእግሯ መጣች። በፀሐይ የተቃጠለ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። በእናቷ መቃብር ላይ አለቀሰች፤ ከዚያ ቤት ሳትገባ ከአጥሩ ውጭ ከግራሩ ሥር ተቀመጠች። ሚስባህ በጣሳ ውሃ ይዞ ወጣ።

«አይስጡኝ፣ አባባ።»

«እኔ ነኝ እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። የሂሻም ደም ሳይደርቅ እዚህ ብቀምስ በምን ዓይኔ ልጆቼ ዘንድ እገባለሁ?»

«ለእናትሽ ስትይ።»

«እሷ ብትኖር አትጠጪ ትለኝ ነበር።»

ጣሳውን ይዞ ቆመ። እሷ ጉልበቱን ስማ ቁልቁል ወረደች፤ ከዓይናችን እስክትጠፋ ዞር ብላ አላየችም።

ሚስባህ አካፋውን አንስቶ ወደ መጥለፊያው ሄደ። ቦዩን ደፈነ፣ የመጥለፊያውን በር ከፈተ። ሐዘንተኛን ማን ይይዛል? ጎረቤቶቹ ቆመው አዩት። ውሃው እየደነፋ ወረደ።

በሳምንቱ ከቆላ የመጣ ነጋዴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር አገኘሁና ጠየቅሁት። ታችኞቹ ውሃውን ሲመጣ አይተዋል። ሀፊዝ ግን «የሂሻም ደም ያለበት ውሃ ማሳዬን አያጠጣም» ብሎ የቦዩን አፍ በድንጋይ ሞላ፤ ሌሎቹም እሱን አይተው ሞሉ። ማሽላው ቆሞ እየደረቀ ወንዙ በአጠገቡ አለፈና ከታች አሸዋው ውስጥ ገባ።

ይህን ለሚስባህ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ከሌላ ከሚሰማው ብዬ። ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ከሪማስ? እሷም ድንጋይ አቀበለች?»

ነጋዴውን አልጠየቅሁትም ነበር። አላውቅም አልኩት።

በወሩ የውሃ አባትነቱን አካፋ ለቀበሌው መልሶ ኮምቦልቻ ወረደ። ክርክሩ ዛሬም በቀጠሮ ላይ ነው።