ሐሰን በየትኛው «ሀ»?

ባለፈው ሳምንት የልጄን የልደት ካርድ ለማውጣት ወረዳ ሄጄ ነበር። መዝጋቢዋ ስሜን ከነአባቴ እየጻፈች «ሐሰን በየትኛው ሀ ነው እህቴ?» አለችኝ። ሳቄ ቀድሞ መጣ፤ እንባዬም ብዙ አልራቀም።

አባቴ የጠፋ ጊዜ የኮምፒውተር ተማሪ ነበርኩ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ የሀይሌ ጋርመንት መንገድ ጭቃና የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። መርሳት የጀመረው አባቴ ለሶላት ብሎ ከቤት ከወጣ ሁለተኛ ቀኑ ሆነ። ፖሊስ ጣቢያውን፣ ሆስፒታሉን፣ የሰፈራችንን መስጊድ ሁሉ ጠየቅን። የጠፋና የተገኘ ሰው የሚለጠፍባቸው የስልክ ቻናሎችም ነበሩ። ፖስቱ ግን ከዝናቡ ይበዛል፤ ከሶፋና ከጫማ ማስታወቂያ ጋር ተደባልቆ በዐይን ተነብቦ አያልቅም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሃያ መስመር የማትሞላ ኮድ ጻፍኩ፤ ቻናሎቹን ሁሉ አንብባ «ሐሰን» የሚል ያለበትን ፖስት እንድታወጣልኝ። ስሙን መታወቂያው ላይ እንዳለው ጥንቅቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት። በትምህርቴ ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም።

መልሱ ዜሮ ሆነ። እናቴ ፊቴን አይታ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች።

ሊያጽናኑን የመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ የአባቴን ሱቅ ታፔላ የጻፉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«በሐመሩ ሐ ነው እንዴ የፈለግሽው?»

«ትክክለኛው እሱ ነዋ ጋሽዬ። ታፔላው ላይም እንደዚያ ነው የጻፉት።»

«እኔማ ለአንድ ፊደል ግማሽ ቀን እፈጃለሁ። ስልክ ላይ የሚጽፍ ሰው እጁ ያገኘውን ሀ ነው የሚነካው፤ ማን ሐመሩን ይፈልጋል?»

አፈርኩ። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ባዕዶች ናቸው። ሁሉንም ወደ አንድ ሀ የምትመልስ አንዲት መስመር ጨመርኩ። ወዲያው አንድ ፖስት ወጣ፦

«ስሜ ሀሰን ነው የሚሉ አባት፣ ግራጫ ኮት የለበሱ፣ ጀሞ ተገኝተዋል። ቤታቸውን አያስታውሱም። ቤተሰባቸውን የምታውቁ ደውሉልን።»

የተለጠፈው በጠፋበት ዕለት ነው። እኛ ስናለቅስ አባቴ እዚያ ተጽፎ ነበር፤ መሀላችን የቆመችው አንዲት ፊደል ናት። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ጋሽ ወልዴ አማተቡ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ረጃጅም ኮድ ጽፌያለሁ። እንደዚያች መስመር ያስደነቀኝ ግን የለም። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ፖስቱ እስከዛሬ አለ። ሲናፍቀኝ ገብቼ አነበዋለሁ። ያኔ የለጠፈው፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ከሥሩ አንድ ነገር ጨምሮበታል፦ «ልጃቸው መጥታ ወስዳቸዋለች።»