መርዶ በመርከብ ላይ

የሺሀረግን የማያውቃት ሰው ሲያያት ዝምተኛ ትመስለዋለች። እንዳትታለሉ። ዝም የምትለው ነገሩን ወስና ከጨረሰች በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ምን ቢል አትሰማም። እኔ ማኅደር እባላለሁ፤ ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ስኩል ባስ እነዳለሁ፣ ተማሪ አመላልሳለሁ፤ ዝም ማለት ደግሞ ጭራሽ አልፈጠረብኝም። የተዋወቅነው በጽዋ ማኅበር ነው፤ ይኸው እሷ ዝም እያለች እኔ እየለፈለፍኩ አብረን አረጀን።

የሺ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዋ ሆም ሄልዝ ኤይድ ነው፤ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎች በየቤታቸው እየሄደች ታጥባለች፣ ታበላለች፣ በዊልቸር ትገፋለች። ስንቱን አስታማ እንደሸኘች እሷና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ከታማሚዎቿ አንዷ፣ ፈረንጅ አሮጊት፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ የመርከብ ጉዞ ነበር የምታየው። የሺም አብራት እያየች ባርሴሎናን፣ ማርሴይን፣ ጄኖቫን እንደ ሰፈር ስም ለመደቻቸው። አሮጊቷ ያረፈች ሰሞን ደወለችልኝ።

«ማኅደር፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስገፋ ኖሬያለሁ። አሁን አንድ ሳምንት እኔን የሚገፋኝ ነገር እፈልጋለሁ። በመርከብ እሄዳለሁ። አንቺም ትሄጃለሽ።»

ልብ በሉልኝ፣ «ትሄጃለሽ ወይ?» አይደለም ያለችኝ።

ወሬው ማኅበራችን ውስጥ ሲሰማ ጉድ ፈላ። እኛ ዘንድ ቫኬሽን ማለት ሻንጣ እስኪፈነዳ ጠቅጥቆ አገር ቤት መግባት ነው። ዘመድ የሌለበት አገር፣ ለቅሶም ሠርግም ሳይኖር፣ ዝም ብሎ ውኃ ላይ መንሳፈፍ ማን ሰምቶ ያውቃል? የስፕሪንግፊልዷ የወይንሐረግማ «ልጆቻችን የሚያልቁበት ባሕር ላይ ልትዝናኚ ነው?» አለቻት። ይቺ ቃል የሺን ወጋቻት። «እዚያው ሆኜ እጸልይላቸዋለሁ» አለችና ወደ ቡናዋ ዞረች።

የሚያስፈራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ በፈቃዱ እዚሁ ጀርመንታውን ነው የሚኖሩት፤ ኩላሊታቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ዲያሊሲስ ላይ ናቸው። ታዲያ የሺ የምትፈራው ሞትን አይደለም። ሞትንማ ከሥራዋ ተዋውቃለች። የምትፈራው መደበቅን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ደሴ ላይ ሲያርፉ ዘመድ መክሮ ደበቃት። «ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ትጎዳብናለች» ብለው። ስትደውል «ተኝተዋል» ይሏታል። መልሳ ስትደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል»። እሷ መድኃኒት ትልካለች፣ ሹራብ ትልካለች፤ ለሙት! ከወራት በኋላ አንድ ቀን ማለዳ የማኅበሩ ሰው በሯን ሞልቶ ቆመ። መርዶ እንደዚያ ነው የሚነገረው፤ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ወገብዋን ይዞ። ነገሯት። ተቀብረዋል፣ ተዝካራቸውም ወጥቷል። የሺ ደረቷን እየደቃች የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አልደረስኩም! አልደረስኩም!» ከዚያ በኋላ መርዶ የሚደብቃት ሰው ጠላቷ ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ጀርመንታውን ይዛኝ ሄደች። ጋሽ በፈቃዱ ሶፋቸው ላይ ጋደም ብለዋል፤ ልጃቸው ሲራክ አጠገባቸው ቆሟል። ሲራክ እዚሁ ያደገ፣ አክስቱን «አንቲ» የሚል፣ በር የሚሞላ ግዙፍ ልጅ ነው።

«ልቅር እንዴ?» አለቻቸው የሺ።

«ሂጂ እባክሽ!» አሉ ጋሽ በፈቃዱ። «አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ብታፈጥጪብኝ ኩላሊቴ አይመለስ። ፎቶ ላኪልኝ።»

የሺ ወደ ሲራክ ዞረች። «አባትህ አንድ ነገር ቢሆን በዚያው ቀን ትነግረኛለህ። በመርከብ ብሆን፣ በሰማይ ብሆን። ማርያምን በል።»

«አንቲ የሺ፣ አይ ፕሮሚስ።»

«ፕሮሚስህን ተወው፤ ማርያምን በል!»

«ማርያምን» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም በዪ።» እኔም አልኩ።

የሺ ለመርከቡ የያዘችውን ስንቅ ብታዩ! በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሚጥሚጣ። «ምግባቸው ባይስማማንስ?» ትላለች። እመርከቡ ስንገባ ከጠዋት እስከ ማታ ምግብ የተዘረጋበት አዳራሽ አየን፤ ሰዉ ሳህን ይዞ ይዞራል፣ ማንም ጠያቂ የለም። እኔ ስቄ ልሞት! «በሶሽን በጥብጪልኝ እንጂ!» እላታለሁ። ከባርሴሎና ስንነሳ እሷ መደገፊያ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ባሕሩን ታያለች። ክፍላችንን የሚያጸዳው ጆኒ የሚባል ፊሊፒናዊ ልጅ ፎጣ ሲያመጣላት ብድግ ልትልለት ትሞክራለች። «ቁጭ በይ! ዛሬ የምትታገዢው አንቺ ነሽ» ብዬ እጎትታታለሁ።

ማርሴይ ላይ ከኮረብታው ጫፍ ላይ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች። ሰዉ በመኪና ይወጣል። የሺ ጉልበቷ የታመመ ነው፤ «ለእመቤታችንማ በእግሬ ነው» አለች። አሥር ጊዜ ቆመች፤ አንድ ጊዜም አልተመለሰችም። እኔ ከኋላዋ ቁና ቁና እየተነፈስኩ እረግማለሁ። ውስጡ ከጣራው ትናንሽ መርከቦች ተንጠልጥለዋል፤ ከባሕር የተረፉ ሰዎች ያገቡት ስለት ነው አሉን። የሺ ሁለት ሻማ አበራች። አንዱ በዚያ ባሕር ላለቁት ልጆች፣ አንዱ ለወንድሟ። ፎቶውን ላከችላቸው። ጋሽ በፈቃዱም «ጉልበትሽን አደራ» ብለው ጻፉላት።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? በማግሥቱ፣ ማክሰኞ፣ ከጄኖቫ ለቀን ስንወጣ እኔ ውጭ ዴኩ ላይ ባሕሩን እያየሁ ቆሜያለሁ። ሲራክ ኮል አደረገልኝ።

«እትዬ ማኅደር፣ አንቲ የሺ አጠገብሽ ናት?»

«ሻወር እየወሰደች ነው። ምነው?»

«ዳዲ ዛሬ ጠዋት አረፈ።»

ክው አልኩ። የመርከቡን የጎን ብረት ያዝኩ።

«አደራ እንዳትነግሪያት» አለ ቶሎ ብሎ። «ቀብሩ ቅዳሜ ነው። እሑድ ስትመጡ ሰው ሰብስበን በሥርዓቱ እንነግራታለን። የማኅበሩ ሽማግሌዎችም እንደዚያ ይሻላል ነው ያሉት። ብለድ ፕሬዠሯን ታውቂያለሽ። ባሕር ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«እሑድ ለምትመጣ ሰው ቅዳሜ ትቀብራላችሁ? አንድ ቀን ማቆየት አቃታችሁ?»

«ሰው ከሥራ ኦፍ የሚሆነው ቅዳሜ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም፣ አስከሬኑን የሚያዘጋጀው ፊዩነራል ሆምም ለቅዳሜ ተይዟል።»

«አንተ ልጅ! ማርያምን ብለህላት የለም እንዴ?»

«አይ ኖው፣ እትዬ ማኅደር። አይ ኖው» አለና ዘጋው።

አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። እኔ ስናደድ አእምሮዬ ይሠራል። መርከቡ ነገ ጠዋት የሮም ወደብ ይገባል። ከሮም ዋሽንግተን አውሮፕላን አለ። ከነገርኳት ትደርሳለች፤ ከደበቅኳት እንደ እናቷ ቀብር ያልፋታል። ይኼ ለእኔ ምርጫ አልነበረም። ችግሩ አነጋገሩ ነው። መርዶ ብቻ ለብቻ፣ ሰው ሳይይዝ፣ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ባሕር መሀል ደግሞ ሐበሻ ከየት ይመጣል?

ራት ላይ «ምን ሆነሽ ነው ዛሬ አፍሽ የተዘጋው?» አለችኝ። «ባሕሩ አመመኝ» አልኳት። ሎሚ ጨምቃ አጠጣችኝ። ምስኪን!

ከራት በኋላ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ጠረጴዛ የምንጋራቸውን አይሪሽ ባልና ሚስት ያዝኳቸው፤ ደግ ሽማግሌዎች ናቸው። ጆኒንም ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳቸው፤ ወንድሟ መሞታቸውን፣ የእኛን ሥርዓት፣ ማለዳ በሯ ላይ ሰው ሊኖር እንደሚገባ።

«ምን እንበላት?» አለች ሚስትዮዋ።

«ምንም። ቁሙልኝ ብቻ። ስትጮህ አንቺ ወገቧን ያዢልኝ። ‹ተረጋጊ› እንዳትሉ፤ ትጩህ!»

ሚስትዮዋ እጄን ያዘች። «በእናቴ መንደርም ኀዘንተኛ ብቻውን አይተውም» አለችኝ። ጆኒ ደግሞ ምን ልልበስ አለኝ። «ዩኒፎርምህ ይበቃል» አልኩት።

ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን ይዤ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ዘቅዝቄ ለበስኩት። ሦስቱም መጡ፤ ባልዬው ጥቁር ኮት ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ ከታች ግን የሌሊት ሱሪው ነው። የበሩ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ አለ፤ ግን መርዶ በቁልፍ ተከፍቶ አይገባም። አንኳኳሁ።

የሺ ለጸሎት ተነስታ ነበር፤ በሩን ከፈተች። ነጠላዬን አየች። ጆኒን አየች። ሽማግሌዎቹን አየች። መናገር አላስፈለገኝም።

«በፈቃዱ ነው?» አለች።

«አዎ፣ የሺዬ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ትናንት?» እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ማርያምን በዪ!»

«ማርያምን፣ ትናንት። ቀብሩ ቅዳሜ ነው።»

ያኔ ጮኸች። ኮሪደሩ ላይ በሮች ተከፈቱ። ደረቷን ልትመታ ስትል ሚስትዮዋ ወገቧን አቅፋ ያዘቻት፣ ጆኒ ክንዷን ያዘ፣ ባልዬው እንባው ይወርዳል። የሺ ግን የምትጮኸው የጠበቅኩትን አልነበረም። «ደረስኩልህ ወንድሜ! አንተንስ ደረስኩልህ!» ነበር የምትለው። እኔን ኀዘኑ አስለቀሰኝ፤ ይቺ ቃል ግን አንጀቴን በላችው።

ለያዥ ለገናዥ አላስቸገረችም። ውኃ ጠጣች፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን ዋጠች፣ ፊቷን ታጥባ ሻንጣዋን ዘጋች። ጆኒ እስከ ታክሲው ድረስ ተሸከመልን። እመውረጃው ላይ አይሪሿን ሦስቴ ሳመቻት። በዚያኑ ቀን አውሮፕላን ውስጥ ነበርን።

በመንገድ ሁሉ ቃል አልወጣትም። እኔ ለሲራክ የሚሆን ስድብ ስሰድር ሄድኩ። አንተ ከሃዲ እለዋለሁ፣ በማርያም የምትቀልድ እለዋለሁ፣ ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ አይቀርላቸውም። የሺም ዝም ያለችው እንደኔው እያዘጋጀች መሰለኝ፤ የእሷ አንድ ቃል ደግሞ ከእኔ መቶ ቃል ይከብዳል። ልጁን ሳስበው አሳዘነኝም፤ ግን ይገባዋል።

ጀርመንታውን ስንደርስ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። በሩን የከፈተው ሲራክ ነው። የሺን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ከኋላው የማኅበሩ ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ማን ነገራት እያሉ እርስ በርስ ተያዩ።

«አንቲ የሺ፣ ለአንቺ ብለን ነው፣ ብለድ ፕሬዠርሽ...» ብሎ ጀመረ።

እኔ አፌን ከፈትኩ። የሺ በእጇ ዝም በይ አለችኝ። ቀና ብላ ልጁን አየችው፤ ብዙ አየችው።

«አንተንስ ማን ነገረህ?» አለችው።

አልገባውም። «ዋት?»

«አባትህን። ማን ነገረህ?»

«ሆስፒታሉ። ዶክተሩ ደወለ። አይ ዋዝ ድራይቪንግ።»

«መኪና ውስጥ? ከማን ጋር ነበርክ?»

«ብቻዬን።»

«ማን ያዘህ ታዲያ?»

ሲራክ ከማክሰኞ ጀምሮ ሰው ሲቀበል፣ ስልክ ሲመልስ፣ ወንበር ሲያስመጣ ውሎ ያደረ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ደረቅ እንደሆነ ያን ጊዜ አስተዋልኩ። የሺ ሻንጣዋን ለቀቀችው። ያን የሚያህል ሰው ወገቡን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው።

«አባትህ ሞተ፣ ልጄ» አለችው። «በል አልቅስ፤ ይዤሃለሁ።»

ጮኸ። ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ያ የታመመ ጉልበቷ እንዴት እንደቻለው አላውቅም፣ አልለቀቀችውም። እኔም ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ዋጥኩና ክንዱን በሌላው በኩል ያዝኩ።