የእትዬ ምላጭ ሁለት ጭረቶች

ስሟን ያወጣላት ምላሷ ነው። እትዬ ምላጭ በመምህራን ኮሌጁ የፊዚክስ ላብራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ብርጭቆ ስታጥብ፣ ሽቦ ስትጠቀልል፣ የተቃጠለ ፊውዝ ስትለውጥ። ተማሪ ሌንስ በጣቱ ሲነካ ካየች «ዓይንህንም እንዲህ ነው የምታሸው?» ብላ ታሸማቅቀዋለች። ትምህርቷን ያቋረጠችው ከስምንተኛ ክፍል ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከበሩ ሥር ቆማ የሰማችውን ትምህርት ግን ማንም አልቆጠረላትም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወጣቱን የፊዚክስ መምህር ራሱን ይዞ ተቀምጦ አገኘችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገምጋሚ ይመጣል፤ የኳንተም ፊዚክስ የተግባር ትምህርት ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ሌዘሩ አለ፣ ብርሃን የማያስገባው ጥቁሩ ሳጥን አለ፣ አንዲት የብርሃን ቅንጣት እንኳ የማታመልጠው ካሜራ አለ። ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች የነበሩት መስታወት ግን ከተሰበረ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ምትኩም ከየትም አልተገኘም። ትምህርቱ በጥቁር ሰሌዳ ሥዕል ብቻ ሲሰጥ ኖሯል።

«በቃ እትዬ፣ ኮርሱ ተቀበረ» አላት።

«ሳይሞት ማን ቀበረው? ይልቅ ያ መስታወት ምን እንደሚሠራ ንገረኝ።»

«በክላሲካል ፊዚክስ ነገር ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው» አለ መምህሩ። «ወይ እንደ ጠጠር ነው፣ ወይ እንደ ውሃ ሞገድ። ጠጠር ሄዶ አንድ ቦታ ያርፋል። ሞገድ ግን በሁለቱም ስንጥቅ ያልፍና ወዲያ ማዶ ከራሱ ጋር ይገናኛል። አንዱ ጋ ይደጋገፋል፣ ሌላው ጋ ይጠፋፋል፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ብርሃንና ጨለማ የተፈራረቁበት መስመር ይወጣል። ኳንተም ፊዚክስ ደግሞ ብርሃን ሁለቱንም ጠባይ ያሳያል ይላል።»

«አትቀልድ! አንድ ነገር ወይ እህል ነው ወይ ውሃ ነው።»

«ላሳይዎት ብችል ደስ ባለኝ። ግን ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፣ ያውም ሁለት፣ ጎን ለጎን፣ ማን ይሠራልናል?»

በነጋታው እትዬ ምላጭ የባሏን ምላጮች በወረቀት ጠቅልላ መጣች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ፊቱን ሳሙና አልብሶ ቀርቶ «ሴትዮ፣ ጢሜን በምን ልላጨው?» ሲላት «ለሳይንስ ስትል አሳድገው!» ብላው ነበር የወጣችው።

ትንሽ መስታወት በላምባ መብራት ነበልባል ላይ እያንሸራሸረች ጥላሸት አለበሰችው። ሁለቱን ምላጮች አጣብቃ ያዘች፤ ማስመሪያ አስደግፋ አንዴ ጫረች። ጭረቱ ተጣመመ። ሁለተኛው ላይ ጥላሸቱ ተላጠ። ሰባተኛው ላይ መስታወቱን ወርውራ ልትሰብረው ከጀለች በኋላ አጥባ እንደገና አጠቆረችው። አሥራ አምስተኛው ላይ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ሳበች። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሁለት ነጫጭ መስመሮች እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብለው ተኝተዋል።

ሌዘሩን በሙሉ ጉልበቱ ሲለቁት በካሜራው ምስል ላይ ብሩህና ጥቁር መስመሮች ተደረደሩ። መምህሩ ዘለለ። እትዬ ምላጭ ምስሉን በወረቀት አሳትማ አስቀመጠች።

ገምጋሚው በቀጠሮው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት መጡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ናቸው። መምህሩ በሌዘሩ ፊት ጥቁር ማጣሪያ በማጣሪያ ላይ እየደረበ ብርሃኑን አመነመነው፤ በሳጥኑ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንዲት ቅንጣት በላይ እምብዛም እስከማይገኝ ድረስ። ከካሜራው ጋር በተገናኘው ኮምፒውተር ላይ አንዲት ነጥብ በራች። ቆይታ ሌላ፣ ከወዲያ ጥግ። ቆይታ ሌላ፣ ከመሃል።

«እህል ናት!» አለች እትዬ ምላጭ በሹክሹክታ።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ገምጋሚው ሰዓታቸውን አዩ። «ይሄማ የተበተነ አሸዋ ነው። ሞገዱ የት አለ?»

መልስ የሰጠችው እትዬ ምላጭ ናት። «ይታገሡ ጌታዬ፤ ገና አልተጠራቀመም።»

ወንበር አቀረበችላቸው፤ ሦስቱም ዓይናቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ተክለው ተቀመጡ። ነጥቦቹ መቶ ሆኑ፣ ሺህ ሆኑ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አንድም ነጥብ የማይደፍረው ጥቁር መንገድ በነጥቦቹ መካከል ተከፈተ። ከዚያ ሌላ። አንድ በአንድ የመጡት ነጥቦች መስመር ሠርተው ቆሙ።

«መጣ! መጣ!» ብላ ጮኸች፤ ገምጋሚውም ሳይታወቃቸው ከወንበራቸው ተነሥተዋል።

«አንዱን ስንጥቅ ይሸፍኑልኝ» አሏት። ጥቁር ወረቀት አሾልካ ከለለችውና እንደ አዲስ ተጀመረ። ነጥቦቹ አንድ ሰፊ ብዥታ ብቻ ሆነው ቀሩ፤ መስመር የለም። ወረቀቱ ሲነሣ መስመሮቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ።

ገምጋሚው ወደ መምህሩ ዞሩ። «እንግዲህ የድሮውን ፊዚክስ ልንጥለው ነው?»

መምህሩ ሊመልስ ሲል እትዬ ምላጭ ያሳተመችውን ምስል ከኮምፒውተሩ ጎን ያዘችው። መስመሮቹ ልክ በልክ ገጠሙ።

«ጌታዬ፣ አንዷ ነጥብ የት እንደምትወድቅ ቢጠይቁኝ አላውቅም፤ መምህሩም አያውቅም። እልፍ ሲሆኑ ግን ደማቁ የት፣ ጥቁሩ የት እንደሚሆን ከአሁኑ እነግርዎታለሁ። ያንን የነገረን የድሮው የሞገድ ሕግ ነው። አልዋሸም፤ የሚያወራው ስለ ብዛቱ ነበር። ኳንተሙ የእያንዳንዷን ነጥብ ዕድል ይነግረናል፤ ዕድሉ ሲደማመር የድሮው ሕግ ብቅ ይላል።»

ገምጋሚው መነጽራቸውን አወለቁ። «እህቴ፣ የት ነው የተማሩት?»

«እዚሁ፤ ቆሜ።»

«ከእንግዲህ ተቀምጠው ያስተምሩ» አሏት።

ቀልድ መስሏት ነበር። በወሩ የመጣው ደብዳቤ ግን ኮርሱ እንዲቀጥል ካዘዘ በኋላ፣ ለዘጠኝ ትምህርት ቤቶች የላብራቶሪ ሠራተኞች የመስታወቱን አሠራር እሷ እንድታስተምር ይላል። መምህሩ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበላት፤ በሦስተኛው አለቀሰች።

በመጀመሪያው የሥልጠና ቀን ንግግር መጀመር አቅቷት የጸዳ መስታወት ደጋግማ ወለወለች። ዘጠኙ ሠልጣኞች ደብተራቸውን ዘርግተው ያዩዋታል። ኋላ አንደኛዋ መስታወቷን በጣቷ መሃል ለመሃል ስትይዝ አየችና «ዳቦ መሰለሽ? በጠርዙ ያዢው እንጂ!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ያቆማት የለም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኙም መስታወቶች በየተራ ሌዘሩ ፊት ቆሙ፤ ዘጠኙም ግድግዳው ላይ ቀይ መስመሮቻቸውን ዘረጉ። እትዬ ምላጭ እልልታዋን ለቀቀችው። የኮሌጁ ዳይሬክተር እሳት የተነሣ መስሏቸው ከቢሯቸው እየሮጡ መጡ፤ በሩ ላይ ደርሰው ግድግዳውን ሲያዩ እሳቸውም አጨበጨቡ።